ስክሪን ላይ የበራ፣ ወረቀት ላይ የጨለመ

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሮቢንስዴል ውስጥ ከዌስት ብሮድዌይ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ቤት ቤዝመንት፣ የአንድ ማኅበር የእንቁጣጣሽ መጽሔት እየተሰናዳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘ ሰፊ ስክሪን፣ የማስታወቂያ ውሎችና የቀዘቀዘ ቡና አለ። ገጹን የምታቀናብረው ወጣት ቀኑን ሌላ ሥራ ላይ ውላ የመጣች ናት። አጠገቧ የተቀመጡት አባት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊልም ይቆርጡ፣ ሞንታዥ ይሠሩ፣ ፕሌት ያወጡ ነበር። ማኅበሩ ሥራው ወደ ህትመት ከመሄዱ በፊት እንዲያዩለት የጠራቸው ለዚህ ነው።

በፊት ሽፋኑ ላይ ሰንደቅ ዓላማው በስሱ ተዘርግቷል፤ ከግርጌው አደይ አበባ ፈክቷል። በጀርባ ሽፋኑ ላይ ደመራ ይነዳል፤ ነበልባሉ በሌሊቱ ሰማይ ላይ ወርቅ ይረጫል። ሦስቱም ምስሎች ከስቶክ ምስል ሻጮች በክፍያ የወረዱ ናቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ አላማረም?»

«ስክሪኑ ላይማ አምሯል። አሁን ፕሌቶቹን አንድ በአንድ አሳዪኝ፣ ልጄ።»

ኢንዲዛይን በተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ «ሴፓሬሽንስ ፕሪቪው» የሚባለውን ሰሌዳ ከፈተች። ይህ ሰሌዳ ገጹ ለአራቱ የማተሚያ ቀለሞች በሚወጡት አራት ፕሌቶች ላይ ሲከፋፈል ምን እንደሚመስል ያሳያል። ጥቁሩን ፕሌት አጠፋችው። የሊቀመንበሩ መልእክት ከገጹ ላይ መጥፋት ሲገባው ቡናማ ሆኖ ቀረ፤ ጽሑፉ በአራቱም ቀለም ሊታተም ነበር ማለት ነው። ወደ ጀርባ ሽፋኑ ሲሻገሩ ደግሞ በደመራው ዙሪያ ግራጫ የመሰለ አራት ማዕዘን ታየ። ስቶክ ላይ ሲገዛ ያልነበረ፣ ማንም ያልሳለው ሳጥን ነው። ሰውየው ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉና መነጽራቸውን አደረጉ።

የስቶክ ምስል ሲገዛ ሁለት ያልተዘጉ ጉዳዮች አብረውት ይመጣሉ። አንደኛው ምስሉ ከሥሩ ያለውን ነገር ምን ያህልና በምን ስሌት እንደሚያሳልፍ ነው። ሁለተኛው በብርሃን የተሠራው ቀለሙ መቼ ወደ ማተሚያ ቀለም እንደሚለወጥ ነው። ሁለቱም የሆነ ቦታ ላይ መዘጋታቸው አይቀርም። ገጽ አቀናባሪው ቦታውን ካልመረጠ ፕሮግራሙ ይመርጣል፤ ፕሮግራሙ ካልመረጠ የማተሚያ ቤቱ ማሽን ይመርጣል። በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ የምናሳትማቸው መጽሔቶች ደብዝዘው፣ ጠቁረው ወይም ነጭ ሳጥን ይዘው የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው ለማሽን ስለሚተው ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከምግብ ቤቱ፣ ከታክስ ሠራተኛው፣ ከኢንሹራንስና ከጉዞ ወኪሉ በማስታወቂያ የተለቀመ ነው። እንደገና ማሳተሚያ ተብሎ የተቀመጠ ብር የለም።

ሮቢንስዴል ለህትመት ባዕድ ከተማ አይደለችም። ነዋሪዎቿ ከ14 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ሆኖም በአሜሪካ የመጽሔት ታሪክ ውስጥ ስሟ አለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ዊልፎርድ ፎሴት እ.ኤ.አ. በ1919 «ካፕቴን ቢሊስ ዊዝ ባንግ» የተባለውን የቀልድ መጽሔት የጀመረው እዚህ ነው። ከዚያች ትንሽ መጽሔት የተነሣው ፎሴት ፐብሊኬሽንስ በሀገሪቱ ከታወቁት ትላልቅ አሳታሚዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ድርጅቱ ወደ ምሥራቅ ከሄደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የ1940 መጀመሪያ ቀን በያዘው «ዊዝ ኮሚክስ» ላይ የኮሚክስ ጀግናውን ካፕቴን ማርቭልን ለዓለም አስተዋወቀ። ገጸ ባሕርዩን የሳለው ሲ.ሲ. ቤክም የዚሁ የሚኒሶታ ልጅ፣ የዙምብሮታ ተወላጅ ነው። ሮቢንስዴል ዛሬም በየዓመቱ በጁላይ «ዊዝ ባንግ ዴይስ» ብላ በመጽሔቱ ስም ታከብራለች። በአቅራቢያዋ ባለችው ሴንት ፖል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተው ብራውን ኤንድ ቢግሎው የአሜሪካን ግድግዳ በቀን መቁጠሪያ ሲሞላ ኖሯል።

የካፕቴን ማርቭል ልብስ ቀይ፣ መብረቁ ቢጫ ነው። በዚያን ዘመን የኮሚክስ ቀለም መራጭ ቀዩን የሚያስበው ማጀንታና ቢጫ ቀለም ተደራርበው እንደሚሰጡት ቀይ ነበር። በአእምሮው ያለው ቀለምና በፕሌቱ ላይ የሚወጣው ቀለም አንድ ነበሩ፤ በመካከላቸው ስክሪን የሚባል ነገር አልገባም። ጋሼም ያደጉት በዚሁ ትምህርት ነው። ፊልም የቆረጠ ሰው ሥዕል ሲያይ አራት ፊልም ያያል።

ዛሬ ምስሉ የሚወለደው ከብርሃን ነው። ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ ቀለም ይሠራል፤ ሦስቱም ሲሞሉ ነጭ፣ ሦስቱም ሲጠፉ ጥቁር ይሆናል። ማተሚያው በተቃራኒው ነጭ ወረቀት ላይ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር እያስቀመጠ ከወረቀቱ የሚመለሰውን ብርሃን ይቀንሳል። የመጀመሪያው አርጂቢ፣ ሁለተኛው ሲኤምዋይኬ ይባላል። በስቶክ የሚሸጡት ምስሎች አብዛኞቹ አርጂቢ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሒውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ለሞኒተርና ለኢንተርኔት ብለው ያቀረቡትን ኤስአርጂቢ የተባለ የቀለም ወሰን ይከተላሉ። ሻጩን አንወቅሰውም፤ ብዙው ገዢ ምስሉን የሚያውለው ለስልክና ለድረ ገጽ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው በስክሪን ላይ የሚያበራው ቀለም በወረቀት ላይ አቻ ሲያጣ ነው። ፎቶሾፕ ለሰሜን አሜሪካ በተለመደው ስዎፕ በተባለ መደበኛ ቅንብር ሲለውጥ፣ ቁጥሩ 0፣ 255፣ 0 የሆነው እጅግ ደማቅ አረንጓዴ 63 በመቶ ሳያንና 100 በመቶ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ የቻለው ያንን ያህል ነው፤ ድምቀቱ ግን የለም። ሙሉው ሰማያዊ 88 በመቶ ሳያንና 77 በመቶ ማጀንታ ይሆንና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ሙሉው ቢጫ ደግሞ 97 በመቶ ቢጫ ሆኖ 6 በመቶ ሳያን ይቀላቀልበታል። 6 በመቶ ትንሽ ይመስላል። አደይ አበባ ላይ ሲያርፍ ግን አበባው ያልበሰለ ሎሚ ይመስላል፤ የመስከረም ወርቅነቱ ይጠፋል። ልጅቷ በአበባው ምስል ላይ ቅጠሉን ሳትነካ ሳያኑን ከአበባው ብቻ አወጣችው። ፎቶሾፕ ውስጥ አበባውን ለይቶ በ«ሰሌክቲቭ ከለር» ቢጫውን መርጦ ሳያኑን መቀነስ ነው፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በነገራችን ላይ «የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት አበባ» ብለው ስቶክ ላይ ሲፈልጉ ከሚመጡት ቢጫ አበቦች መካከል አደይ አበባ ያልሆኑም አሉ። ቀለሙን ከማረም በፊት አበባውን ማረም ይቅደም።

ሰንደቅ ዓላማው የራሱ ጉዳይ አለው። ስቶክ ላይ ልሙጡም፣ ኮከብ ያለበትም፣ አንበሳ ያለበትም ይሸጣል፤ የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው ማኅበሩ እንጂ ፍለጋው መጀመሪያ ያመጣው ውጤት መሆን የለበትም። ይህ ማኅበር የመረጠው ኮከብ ያለበትን ነው። በኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚዘዋወረው ሥሪት አረንጓዴው 7፣ 137፣ 48፤ ቢጫው 252፣ 221፣ 9፤ ቀዩ 218፣ 18፣ 26 ነው። ከሦስቱ ቢጫውና ቀዩ ለማተሚያ ቤት የሚመቹ ናቸው። ቢጫው ራሱ አንድ ቀለም ነው ማለት ይቻላል፤ ቀዩም የማጀንታና የቢጫ ድርብ ነው። የሚያስቸግረው አረንጓዴው ነው። ሳያንና ቢጫ ሲደረቡ የሚገኝ በመሆኑ ከሁለቱ አንዱ በማሽኑ ላይ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል መልኩ ይቀየራል። በራስ ሰር ሲለወጥ ደግሞ ጥልቀት ይስጠው ተብሎ ማጀንታ ይገባበታል፤ ማጀንታ የአረንጓዴ ተቃራኒ ስለሆነ ቀለሙን ጭቃ ያስመስለዋል። መፍትሔው ምስሉን ኢለስትሬተር በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ከፍቶ ሦስቱን ቀለሞች በራስ ምርጫ በሲኤምዋይኬ ማስቀመጥ ነው። ማጀንታውን ማውጣት፣ የጎደለውን ጥልቀት በጥቂት ጥቁር መተካት። ልጅቷ ሦስቱን ቀለሞች ስም ሰጥታ በቀለም ዝርዝሩ ውስጥ ስዋች አድርጋ አስቀመጠቻቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት ሰንደቅ ከዚህ ዓመቱ ጋር አንድ ይሆናል።

አሁን ወደ አሳላፊነቱ እንምጣ። ነጠላ ቀይ ቀሚስ ላይ ሲጣል የምናየው የነጠላውንም የቀሚሱንም ቀለም አይደለም፤ ሁለቱ የፈጠሩትን ሦስተኛ ቀለም ነው። ኮምፒውተሩም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የላዩን ቁጥርና የታቹን ቁጥር ወስዶ ሦስተኛ ቁጥር ያሰላል። ስሌቱ «ኖርማል»፣ «መልቲፕላይ»፣ «ስክሪን» እየተባለ ይለያያል። ማወቅ የሚያስፈልገው ይህ ስሌት የሚካሄደው በአርጂቢ ወይም በሲኤምዋይኬ መሆኑን፣ ውጤቱም በሁለቱ አንድ አለመሆኑን ነው።

ህትመት ይህን ስሌት ጨርሶ የማያውቅበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 አዶቤ ያወጣው ፖስትስክሪፕት፣ የዘመናዊው ገጽ ቅንብር መሠረት የሆነው ቋንቋ፣ የላዩ የታቹን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል የሚል ሕግ ነበረው። አሳላፊነት ወደ ኢለስትሬተር የገባው እ.ኤ.አ. በ2000፣ ወደ ፒዲኤፍ በ2001፣ ወደ ኢንዲዛይን በ2002 ነው። ማተሚያ ማሽኖቹ ግን ለዓመታት የድሮውን ቋንቋ ነበር የሚናገሩት። ስለዚህ ፋይሉ ከመታተሙ በፊት አሳላፊ የሆነው ሁሉ ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ደረቅ ቀለም ይዞ፣ ጎን ለጎን እንዲደረደር ይደረግ ነበር። ይህ «ፍላትኒንግ» ይባላል። በቁርጥራጮቹ መካከል በፒዲኤፍ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ነጭ መስመሮችም፣ ጥላ የነካቸው ፊደሎች ከጎረቤቶቻቸው ወፍረው የሚታዩትም ከዚህ የተነሣ ነው።

በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የሚሠሩት የስቶክ ቬክተር ምስሎች እስከ ዛሬ በብዛት የሚሸጡበት ኢፒኤስ የተባለው ፋይል የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ኢፒኤስ ፖስትስክሪፕት በመሆኑ ሕያው አሳላፊነት መያዝ አይችልም። ከኢለስትሬተር ሲቀመጥ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር በውስጡ ይይዛል፦ ለኢንዲዛይን የሚታየው የተቆራረጠው ሥሪት፣ ለራሱ ለኢለስትሬተር ደግሞ ያልተቆራረጠው ዋና ሥራ። ስለዚህ ኢፒኤሱን ቀጥታ ገጽ ላይ ማስገባት የተሰበረውን መርጦ መውሰድ ነው። ኢለስትሬተር ውስጥ ተከፍቶ፣ ተመርምሮ፣ በኤአይ ፋይልነት ተቀምጦ ሲገባ ግን አሳላፊነቱ ሕያው ሆኖ ይመጣል፤ ስሌቱም እኛ በወሰንነው ቦታ ይካሄዳል። የሚከበር ልማድ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

የፊት ሽፋኑ ላይ የነበረው ኮከብ ሌላ ነገር አስተማረ። ልጅቷ ለብቻው ያገኘችው ዓርማ ጄፔግ ነበር። ጄፔግ አሳላፊነት አያውቅም፤ ዓርማው በነጭ አራት ማዕዘን ላይ ተቀምጦ መጣ። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው «መልቲፕላይ» አደረገችው፤ ነጩ ጠፋ። መልቲፕላይ ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ ለ255 ያካፍላል፤ ነጭ 255 ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። ነገር ግን የዓርማው ሰማያዊ ክብም ከሥሩ ካለው የሰንደቁ ቢጫ ጋር ተባዛ። ሰማያዊው 15፣ 71፣ 175፣ ቢጫው 252፣ 221፣ 9 ከሆነ ውጤቱ 15፣ 62፣ 6 ነው። ይህ ሰማያዊ አይደለም፤ ወደ ጥቁር የቀረበ አረንጓዴ ነው። ስክሪኑ ላይ ሰንደቁ በስሱ የተዘረጋ በመሆኑ ለውጡ ወዲያው ዓይን አይመታም።

«የኮከቡ መደብ ሰማያዊ ነው ያልሽኝ?» አሉ ጋሼ።

«አዎ፣ ሰማያዊ ነው።»

«እንግዲያው ቢጫው ፕሌት ላይ ምን ይሠራል?»

መልቲፕላይ ለጥላና በጥቁር መስመር ለተሳለ ሥዕል ጥሩ መሣሪያ ነው። ቀለም ላለው ዓርማና ሎጎ ነጭ መደብ ማጥፊያ አድርጎ መጠቀም ግን ስህተት ነው። ዓርማው ራሱ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ከተቻለ በቬክተር፣ ካልተቻለ ፎቶሾፕ ውስጥ መደቡ ተነሥቶ በፒኤስዲ ተቀምጦ። ፒኤንጂ አሳላፊነት ይይዛል፤ በመዋቅሩ ግን ሲኤምዋይኬ የለውም፤ ግራጫና አርጂቢ ብቻ ነው። ለመጽሔት ገጽ ከገባ መቼ እንደሚለወጥ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ጠርዙም ይፈተሽ፤ ከነጭ መደብ ላይ የተቆረጠ ፒኤንጂ ጨለም ያለ ገጽ ላይ ሲቀመጥ በዙሪያው ነጭ ክር ይታያል፤ የጠርዙ ነጥቦች ከድሮው ነጭ ጋር እንደተቀላቀሉ ስለቀሩ ነው። አሳላፊ ነው ተብሎ የወረደው ምስል አሳላፊነትን የሚያመለክተውን የግራጫና ነጭ ዳማ ሥዕሉ ላይ ታትሞበት የሚመጣበት ጊዜም አለ። ያ ፋይል ይጣል፤ ለማጽዳት የሚጠፋው ሰዓት ሌላ ምስል ይገዛል።

በደመራው ዙሪያ የነበረው ሳጥን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። የስቶክ ሠዓሊዎች ነበልባልና ጨረር ሲሠሩ ብርሃኑን ከወርቅ ወደ ጥቁር እያደበዘዙ ይስሉና «ስክሪን» የሚባለውን ስሌት ይሰጡታል። በአርጂቢ ጥቁር ማለት ዜሮ ብርሃን ነው፤ በ«ስክሪን» ዜሮ ሲደመር ከሥሩ ባለው ላይ ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ጥቁሩ ይጠፋል፣ ወርቁ ብቻ ይቀራል። ፋይሉ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲለወጥ ግን በስዎፕ ቅንብር ያ ጥቁር 75 በመቶ ሳያን፣ 68 ማጀንታ፣ 67 ቢጫና 90 ጥቁር ይሆናል። አራቱም መቶ አልሞሉም። የጎደለው 25፣ 32፣ 33 እና 10 በመቶ ለስሌቱ ብርሃን ነው። ስለዚህ ነበልባሉ ያለበት ሳጥን በሙሉ፣ ምንም ያልተሳለበት ጥግ ሳይቀር፣ የሌሊቱን ሰማይ ያነጣዋል። ማንም ያልሳለው ግራጫ አራት ማዕዘን የመጣው ከዚህ ነው። ወርቁም ከሰማዩ ጋር በማተሚያ ቀለም ሲሰላ ይሞታል።

እንዲህ ላለው ምስል ብርሃኑን በተወለደበት በአርጂቢ መጨረስ ነው። ነበልባሉና ሰማዩ ፎቶሾፕ ውስጥ በአርጂቢ ተቀምጠው፣ ስሌቱ እዚያው አልቆ፣ ሌየሮቹ አንድ ምስል ከሆኑ በኋላ፣ የተጠናቀቀው ምስል አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሲኤምዋይኬ ይለወጥ። ሰንደቁ የተሠራው በተቃራኒው መንገድ እንደሆነ አንባቢ ልብ ይበል። ጠፍጣፋ ቀለምና ምልክት የሆነ ነገር ቀድሞ ወደ ሲኤምዋይኬ ይሄዳል፤ ብርሃንን የሚመስል ነገር በአርጂቢ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይለወጣል። «ሁሉንም መጀመሪያ ሲኤምዋይኬ አድርግ» የሚለው በየቦታው የሚሰጠው ምክር ግማሹን ሥራ ያድናል፤ ግማሹን ያበላሻል።

ያው 75፣ 68፣ 67፣ 90 የሊቀመንበሩ መልእክት ላይም ነበር። መልእክቱ የመጣው በወርድ ፋይል ነው። ከወርድ ወደ ኢንዲዛይን ሲገባ የቀለም ዝርዝሩ ውስጥ «ወርድ አር0 ጂ0 ቢ0» የሚመስል አዲስ ስም ይጨመራል፤ የአርጂቢ ጥቁር ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በአራት ፕሌት ላይ ይከፋፈላል። ወረቀቱ በማሽኑ ላይ በፀጉር ስፋት ቢንሸራተት አራቱ አይገጥሙም። የላቲን ፊደል ይህን በመጠኑ ይችለዋል። የግዕዝ ፊደል ግን የ«ሌ»ን ቀለበት፣ የ«ቧ»ን ቅጥያ፣ የ«ጭ»ን ጠባብ ክፍተት ይዞ በ9 ነጥብ ሲታተም ቀለበቱ በቀለም ይሞላል፣ ክፍተቱ ይዘጋል፣ በፊደሉ ጠርዝ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይታያል። እንደ ኒያላ ያሉ ቀጭንና ወፍራም ጭረት ያላቸው ፎንቶች ደግሞ ቀጭኑ ጭረታቸው ይሳሳል። ንባብ ጽሑፍ ሁልጊዜ በአንድ ጥቁር ብቻ ይታተም፤ ኢንዲዛይን ውስጥ «ብላክ» የሚለው ስዋች ለዚህ የተሠራ ነው።

ከአሳላፊነት ጋር ያለው ግንኙነትም እዚህ ነው። ኢንዲዛይን በአንድ ጥንድ ገጽ ላይ አሳላፊ ነገር ካለ ስሌቱን የሚያካሂድበትን ቦታ «ትራንስፓረንሲ ብሌንድ ስፔስ» በሚለው ትእዛዝ ከተመረጠው ይወስዳል። ሰነዱ መጀመሪያ ለድረ ገጽ ተብሎ ተከፍቶ ከሆነ ቦታው አርጂቢ ይሆናል። ያኔ ጥላ ወይም ስስ ምስል የነካው ንጹሕ ጥቁር ጽሑፍ ፍላት ሲደረግ ወደ ብርሃን ተለውጦ ወደ ማተሚያ ቀለም ሲመለስ ባለ አራት ቀለም ሊሆን ይችላል። ምልክቱ አሳላፊ ነገር ያለበት ጥንድ ገጽ ቀለሙ ከሚቀጥለው ጥንድ ገጽ ጋር አለመመሳሰሉ ነው። ለህትመት ቦታው «ዶኪዩመንት ሲኤምዋይኬ» ይሁን። ጽሑፉም ከምስሎቹ ሁሉ በላይ በራሱ ሌየር ላይ ይቀመጥ፤ ከላይ ያለ ጽሑፍ ከሥሩ ባለው ጥላ አይነካም።

የጀርባ ሽፋኑን ሲጨርሱ አንድ የማስታወቂያ ሎጎ ቀረ። ነጭ ጽሑፍ በቀይ መደብ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ደህና ነው። «ኦቨርፕሪንት ፕሪቪው» ሲበራ ግን ጽሑፉ ጠፋ፤ ቀዩ መደብ ብቻ ቀረ።

«ይሄ ደግሞ የት ሄደ?» አለች።

«ነጭ የሚባል ፕሌት የለም፣ ልጄ። ነጩ ወረቀቱ ነው። ቀዩን ቀዳድደሽ ወረቀቱን ካላሳየሽው ምኑን ያትመዋል?»

ሎጎው ድሮ ጥቁር ነበር፤ ጥቁሩ ቀዩን ሳይቀድ ከላዩ እንዲታተም «ኦቨርፕሪንት» ተደርጎ ነበር። በኋላ አንድ ሰው ቀለሙን ወደ ነጭ ሲለውጥ ትእዛዙን አላነሣም። የተከፈለበት ማስታወቂያ ስም አልባ ሆኖ ሊወጣ ነበር። ይህን የሚያሳየው ኦቨርፕሪንት ፕሪቪው ነው፤ ፋይሉ ከመላኩ በፊት ሁልጊዜ ይብራ።

የማተሚያ ቤቱ ምላሽ ከዚህ ሁሉ በፊት መታወቅ ነበረበት። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የምትጠቀሙት የቀለም ፕሮፋይል የትኛው ነው? ከፍተኛው የቀለም መጠን ስንት ነው? የምትቀበሉት ፒዲኤፍ ፒዲኤፍ-ኤክስ-1ኤ ነው ወይስ ኤክስ-4? የአራቱ ቀለሞች ድምር ለሚያብረቀርቅ ወረቀት በስዎፕ እስከ 300 በመቶ ነው፤ 75፣ 68፣ 67 እና 90 ሲደመሩ ልክ 300 የሚመጡት በአጋጣሚ አይደለም። ለጋዜጣ ወረቀት ግን ወደ 240 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ቀለሙ አይደርቅም፣ ወደ ጀርባው ገጽ ይጋባል። ፒዲኤፍ-ኤክስ-1ኤ አሳላፊነትንም አርጂቢንም አይቀበልም፤ ሁሉም ከእኛ ጋር እያለ እንዲያልቅ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለው ኤክስ-4 አሳላፊነቱን ሕያው አድርጎ ያስተላልፋል፤ ማሽኑ ዘመናዊ ከሆነ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው። ማተሚያ ቤቱ የማያውቀው ከሆነ ግን ኤክስ-1ኤ ይሁንና ገጽ በገጽ በ400 በመቶ አጉልቶ ማየት ነው።

አዲስ አበባም ሥራው ከዚህ አይለይም። መቶ ዓመት ካለፈው ከብርሃንና ሰላም ጀምሮ በየሰፈሩ እስካሉት አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች፣ ከዲዛይነሩ የሚመጣው ፋይል በአብዛኛው በስቶክ ምስል የተሠራ ነው። ፊልም የሚቆርጡት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፤ አራቱን ፕሌት በዓይናቸው የሚያዩት እነሱ ነበሩ። ያ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ ሳይተላለፍ ዲጂታሉ መጣ። ስለዚህ በየማኅበሩ እንዲህ ያሉ አንድ ጋሼ ወይም አንድ እትዬ ካሉ፣ ወጣቱ ዲዛይነር አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ ምሽት ቢያሳልፍ ከብዙ ቪዲዮ ይጠቅመዋል። እነሱም ፎቶሾፕ አላውቅም ብለው አይሽሹ፤ የሚያውቁት ፕሌት ዛሬም ያው ፕሌት ነው።

በሚኒያፖሊስም በሴንት ፖልም በየመስከረሙ መጽሔት ለምታሳትሙ ኮሚቴዎች የምለው አለኝ። ገጽ ለምታቀናብረው ልጅ ሥራውን በመጨረሻው ሳምንት አትስጧት። ከማተሚያ ቤቱ ፕሩፍ የሚባለው የሙከራ ቅጂ ታትሞ በወረቀት ይምጣ፤ ሒሳቡም ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ይያዝ፤ ከማስታወቂያው ገቢ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ማስታወቂያ የምትሰጡ ባለንግዶች ደግሞ ሎጎአችሁን በቴሌግራም ፎቶ አድርጋችሁ አትላኩ። ፎቶ ተደርጎ ሲላክ ይጨመቃል፣ ወደ ጄፔግ ይለወጣል፣ አሳላፊነቱም ይጠፋል። ሎጎውን የሠራላችሁን ሰው ኤአይ ወይም ፒዲኤፍ ፋይሉን ጠይቁት፤ በቴሌግራምም ከሆነ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩት።